የአብሩዞ ወይን በደብረ ብርሃን ብርሌ

ሜልቦርን፣ ሜይ 12 ቀን 2026

ለተከበሩ እትዬ ፋናዬ፣

ከሩቅ አገር ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? ቤትዎና ደንበኞችዎ እንዴት ከረሙ? እኔ በአምላክ ቸርነት ደህና ነኝ። ብርዱ ብቻ ጀምሮናል፤ እዚህ ይህ ወር የክረምት ደጃፍ ነው።

ማን እንደጻፈልዎ ግራ እንዳይገባዎት፣ የአቶ ብሥራት ልጅ አጸደ ነኝ። አባቴና እርስዎ የሁለት ወንድማማቾች ልጆች ናችሁ። ለመጨረሻ ጊዜ የተያየነው ወደዚህ ስመጣ በስንብቴ ዕለት ሲሆን፣ ጠጅዎን ሳልጨርስ ብድግ በማለቴ ተቆጥተውኝ ነበር። ስልክ እንደማይወዱ ስለሰማሁ ይህን ጽፌ በቴሌግራም ከደጅዎ ፊት ለፊት ላለው ፎቶ ኮፒ ቤት ልኬዋለሁ። አትመው ያመጡልዎታል፤ የእርስዎንም መልስ ፎቶ አንስተው ይልኩልኛል።

የምሠራው ከተማ መሃል አንድ የጣሊያን ምግብ ቤት ውስጥ ነው፤ ሥራዬም ወይን ነው። እንግዳው የሚበላውን ይነግረኛል፣ የሚስማማውን ወይን እኔ እመርጥለታለሁ። የቤቱ ባለቤት ሲኞር ቪቶሪዮ አብሩዞ ከሚባል ተራራማ የጣሊያን አገር የመጡ ሽማግሌ ናቸው። በዓመት አንድ ምሽት፣ በኦገስት፣ ሞንቴፑልቻኖ የሚባለውን የአገራቸውን ቀይ ወይን ብቻ ይዘው ትልቅ እራት ያበላሉ። ምግቡን እስከ ዛሬ ለማንም አስመርጠው አያውቁም። ዘንድሮ ግን ጠሩኝና አንቺ ምረጪ፣ ከፈለግሽም ከአገርሽ አምጪ አሉኝ። ከተሳካልኝ የቤቱን ወይን በሙሉ ለእኔ አስረክበው ጡረታ ሊወጡ ነው። ካልተሳካልኝ ቦታውን የሚይዝ ሰው ከሚላን ተዘጋጅቷል።

የአብሩዞ ሰዎች በግ አርቢዎች ናቸው። ሥጋውን በትንንሹ ቆርጠው በቀጭን እንጨት ይሰኩና ከሰል ላይ ጠብሰው በዚህ ወይን ያወራርዱታል። ይህን ስሰማ ወዲያው እርስዎ ትዝ አሉኝ። አባቴ የእርስዎን የበግ ቀይ ወጥ ባነሳ ቁጥር ምራቁን ይውጥ ነበር። እንዴት እንደሚሠሩት ቢጽፉልኝ ትልቅ ውለታ ነው። የሚያስፈልግዎት ነገር ካለም ይንገሩኝ፣ እልካለሁ።

ዕድሜ ከጤና ይስጥልኝ።
የወንድምዎ ልጅ አጸደ ብሥራት


ደብረ ብርሃን፣ ግንቦት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለአጸደ፣

እንደምን ነሽልኝ? እኔ ተመስገን ነው፤ ቆሜ እሄዳለሁ፣ ቁጭ ብዬ እቆጣለሁ። የብሥራት ልጅ በሕይወት መኖሯን ከፎቶ ኮፒ ቤት መስማቴ ትንሽ ከንክኖኛል፤ ቢሆንም ደስ ብሎኛል።

ስለሚላከው ነገር አታስቢ። ጫማ አለኝ፣ ጋቢ አለኝ፣ ጥርሴም ገና አላለቀም። ሌላው፣ ደብዳቤሽ ላይ የጻፍሽው ቀን ለእኔ ምንም አይነግረኝም። እኔ የማውቀው በዓልና ጾም የሚውልበትን ቀን ነው፤ ለእኔ ስትጽፊ በእኛ ቁጠሪ።

ወደ ሥራሽ ልምጣ። ሰው ሲጠይቀኝ ሆቴል ትሠራለች እላለሁ። መጠጥ አሳፍሮኝ አይደለም፤ ይህን ሁሉ ዘመን በጠጅ የኖርኩ ሴት ነኝ። ግን ጠጁን የምጥለው እኔ ነኝ። ማሩን አውቄ፣ ጌሾውን መርጬ፣ ገናውን፣ ያልሰነበተውን ጠጅ፣ አሽትቼ ነው ለሰው የማቀርበው። አንቺ ሌላው የጠመቀውን ከጠርሙስ ወደ ብርጭቆ ትገለብጫለሽ። ለዚህ ትምህርት ቤት መግባት ያስፈለገበት ምክንያት አልገባኝም፤ ቅር እንዳይልሽ፣ ያልገባኝን አልገባኝም ማለት ልማዴ ነው።

ወጤን ደግሞ ለማላውቀው መጠጥ አልድርም። ዘሩን፣ ጠባዩን ማየት አለብኝ። አንድ ጠርሙስ ላኪልኝና እኔ ራሴ ልቅመሰው። ያኔ ይገባዋል ካልኩ አሠራሩን ታገኛለሽ፣ አይገባውም ካልኩ ለጣሊያኑ ፓስታ አብስዪለት።

ማርያም ትጠብቅሽ።
ፋናዬ


ሜልቦርን፣ ጁን 2 ቀን 2026

ለተከበሩ እትዬ ፋናዬ፣

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ባቡር ውስጥ ነበርኩ፤ ሰፈሬ ሜልተን እስክደርስ ሁለቴ አነበብኩት። ስቄአለሁም፣ ተናድጄአለሁም። እርስዎ ያልገባዎትን ካልደበቁ እኔም ያናደደኝን አልደብቅም።

እውነት ነው፣ እኔ አልጠምቅም። ግን አንድ እንግዳ ዓሣ አዝዞ ይህን ጥቁር ቀይ ወይን ቢጠይቀኝ ዓሣው ብረት ብረት እንደሚለው አውቃለሁ። ቅመም የበዛበት ምግብ ከሞቀ ወይን ጋር ሲገናኝ ምላስ እንደሚያቃጥልም አውቃለሁ። ስንቱን ወይን ዓይኔን ጨፍኜ ከየትኛው ተራራ እንደመጣ ተናግሬ ነው ፈተናውን ያለፍኩት። ከዚህ አገር ልጆች ጋር ተወዳድሬ፣ በሁለተኛ ቋንቋዬ። ይህን ሙያ ካላሉት እኔ እለዋለሁ።

ጠርሙሱን ሜልተን ጎረቤቴ የሆነው ነቢዩ ይዞልዎ ይመጣል። ለሠርጉ አገር ቤት እየገባ ስለሆነ እግረ መንገዱን ያደርስልዎታል። ወይኑ ከሲኞር ቪቶሪዮ ወንድም እርሻ የመጣ ነው። ቀለሙ ወደ ጥቁር ያደላል። ሲያሸቱት የበሰለ እንጆሪና ፕሪም ይመጣብዎታል፤ ሲጠጡት ትንሽ ይኮመጥጣል፣ ድድ ላይም ያዝ ያደርጋል፣ ግን አይሻክርም። ለገበያ የሚወጣውን ብዙ ጊዜ በእንቁላል ነጭ ያጠሩታል። ይህ ግን ክረምቱን ሙሉ ተቀምጦ በራሱ የጠራ ነው፤ ከሥሩ አተላ ቢያዩ አይደንግጡ። በሰፊ ብርጭቆ ቀድተው ትንሽ ያሳርፉት እንጂ እንዳያሞቁት።

ቀኑን በእኛ ያልጻፍኩት ንቄ አይደለም፤ የሺፍት ሰሌዳው ሁሉ በፈረንጅ ስለሆነ እጄ ለምዶ ነው።

ፍርድዎን እጠብቃለሁ።
አጸደ


ደብረ ብርሃን፣ ሰኔ 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለአጸደ፣

አፍሽ እንደ አባትሽ ነው። ደግ አደረግሽ፤ ዝም ብትዪ ኖሮ አዝንብሽ ነበር።

ነቢዩ የተባለው ልጅ ጠርሙሱን በፎጣ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን ታቅፎ አመጣልኝ። ግን ልጄ፣ የሰኔ ጾም ላይ ነው የላክሽው። በጉ እስከ ሐምሌ አምስት አይታረድም። ጠርሙሱን ጓዳ አስቀምጬ ልጠብቅ ብዬ ነበር፤ ደንበኞቼ ግን እየገቡ "የፈረንጁ ዕቃ ተከፈተ?" ሲሉ መቀመጫ አሳጡኝ። ከሁሉ የባሰው ሻምበል ልዑልሰገድ ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው እኔ ቤት ገብቶ ጠጄን ማማት ነው። በመጨረሻ እሁድ ዕለት ከፈትኩት።

ሰፊ ብርጭቆ የለኝም፤ በብርሌ ቀዳሁት። ጓዳው ወለል ላይ ስላደረ ቀዝቀዝ ብሏል። ባዶውን ስቀምሰው አልወደድኩትም፤ ማር የሌለበት ነገር አፌ አያምንም። ሻምበል መድኃኒት ነው አለ። እኔ ግን መጠጥ በባዶ አይፈረድበትም ብዬ ያለውን የጾም ምግብ አቀረብኩ። ሽሮው ወይኑን ዋጠው፣ የት እንደገባም አልታወቀም። ጎመኑ አመረረው። ሰናፍጭ ያለበት አዚፋ ከወይኑ ጋር እዚያው አፌ ውስጥ ተደባደበ።

ከዚያ ድፍን ምስር ወጥ አመጣሁ። ልጄ፣ ያኔ ሌላ ነገር ሆነ። ምስሩ አፈር አፈር የሚለው ነገር አለው አይደል? ወይኑ እሱን ይዞ ጣፈጠ። ያ ድድ የሚይዘው ነገር ለዘብ አለ፤ በርበሬውም አላቃጠለም። ሻምበል እንኳ መድኃኒት ማለቱን ትቶ ብርሌውን ወደ እኔ ገፋ። ቀድቼ አልሰጠሁትም።

ስለዚህ ወይንሽ ጨዋ ነው፤ ፈቅጃለሁ። የበጉን አሠራር በሌላው ገጽ ላይ ጽፌዋለሁ። ስለ ምስሩ ግን ምን ትያለሽ? ይህን እንድትመልሺልኝ እፈልጋለሁ።

ፋናዬ


ሜልቦርን፣ ጁላይ 6 ቀን 2026

ለተከበሩ እትዬ ፋናዬ፣

በጥድፊያ ስለምጽፍ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሥራ ላይ ወድቄአለሁ። ስለፈቀዱልኝ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የበጉን አሠራር እንዳነበብኩ በዴይ ኦፌ፣ በዕረፍት ቀኔ፣ ሠርቼ ለሲኞር ቪቶሪዮ አቀመስኳቸው። ሳይናገሩ ሳህኑን በዳቦ ጠረጉት፤ እሳቸው ዘንድ ከዚህ በላይ ምስጋና የለም።

የምግብ ዝርዝሩም ታትሟል። መጀመሪያ የአብሩዞ የበግ አይብ ከዳቦ ጋር፣ ቀጥሎ የእርስዎ የበግ ቀይ ወጥ በእንጀራ። አዳራሹ ከወዲሁ ሞልቷል። ደስ የሚልዎትን ደግሞ ልንገርዎ፤ ቀኑ የእመቤታችን የዕርገቷ በዓል ነው። ሲኞር ቪቶሪዮ እራቱን ሁልጊዜ የሚያደርጉት በዚያ ዕለት፣ ኦገስት 15 ነው አሉኝ። የፍልሰታ ጾም መፍቻ ላይ ዋለልኝ ብዬ አንድ ትልቅ ጠረጴዛ ለቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ያዝኩ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ለሆኑት፣ ፖይንት ኩክ ሰፈር ለሚኖሩት ለአቶ አምደሚካኤል ደውዬ፣ "የፍልሰታን ፍቺ እኔ ጋ ነው የሚፈስኩት" አልኳቸው። መርቀውኛል። ስንት ዓመት እዚህ ያለው የአገራችን ሰው ልጁን ነርስ ሁኚ፣ ሂሳብ ተማሪ ሲል "እንደ አጸደ ወይን ቤት እንዳትቀሪ" ይል ነበር። ያን ዕለት ግን መጥተው ያዩኛል።

ይመርቁኝ።
አጸደ


ደብረ ብርሃን፣ ሐምሌ 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወይዘሮ አጸደ ብሥራት፣

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆይቷል፤ የፈረንጁንም ቀን በእኛ አስቆጥሬዋለሁ። ልመልስ፣ አልመልስ እያልኩ ስመላለስ ሰነበትኩ። ዝም ማለትም ለካ ይከብዳል።

ስለ ምስሩ ጠይቄሽ ነበር፤ አልመለስሽልኝም። አሁን ምክንያቱ ገብቶኛል። አንቺ አገር የተለመደው ይህ ከሆነ እኔ የማልወደው ነገር እንጂ የምከለክለው ነገር አይደለም። ትልቅ ሰው ነሽ።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። ነሐሴ ዘጠኝ ቀን በግ አርደሽ ሽማግሌዎችን የምታበዪ ከሆነ ወጡ የእኔ ነው ብለሽ ስሜን አታንሺ። እኔ በዚያ ቀን ሱባኤ ላይ ነኝ።

እግዚአብሔር ልቦና ይስጥሽ።
ፋናዬ


ሜልቦርን፣ ጁላይ 30 ቀን 2026

እትዬ ፋናዬ፣

"ነሐሴ ዘጠኝ" የሚለውን ሳነብ ብድግ አልኩ። ከቤተ ክርስቲያን የተሰጠኝ ካሌንደር ኩሽናዬ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ በየቀኑ አጠገቡ ቆሜ እቃ አጥባለሁ። ሄጄ በጣቴ ቆጠርኩ። ኦገስት 15 ነሐሴ ዘጠኝ ነው። የጾሙ መሃል።

እትዬ፣ ጾም አልተውኩም። አላቃልልም፣ ላቃልለውም አልችልም። ሲኞር ቪቶሪዮ የእመቤታችን ዕርገት ሲሉኝ እኔ የሰማሁት የእኛን ነው። ዕርገቷ ካለ ጾሙ ተፈቷል ማለት ነው ብዬ ቀኑን ሳላመሳክር አሳተምኩ። ጣሊያኖቹ ፌራጎስቶ ብለው የሚያከብሩት የእኛ ሱባኤ ገና ሳያልቅ ነው፤ እነሱ በሚበሉበት ቀን እኛ እንጾማለን፣ ለአንዲት እናት። አቶ አምደሚካኤልም ፍቺ ስላልኳቸው ነሐሴ 16ን ነው የያዙት። ማንም አልቆጠረም። የቆጠሩት እርስዎ ብቻ ነዎት፤ ያውም ከሩቅ።

ወዲያው ሄጄ ቀኑን በሳምንት እናዘግየው አልኳቸው። ሲኞር ቪቶሪዮ አይሆንም አሉ። እናታቸው ያከበረችውን ቀን አላዛውርም አሉኝ፤ ይህን የሚል ሰው ምን ይባላል? ሽማግሌዎቹን ሌላ ቀን ጋብዣቸው፣ በጉን ለሌሎቹ አቅርቢ ሲሉኝ ግን እኔም እምቢ አልኩ። የአገሬን ምግብ የአገሬ ሰው በሌለበት አላበላም። እነሱን ጠርቼ ውሃ አስይዤም ሌላው ሲበላ አላሳያቸውም። "በጉ ይቀራል፤ አዳራሹ በሙሉ የጾም ይበላል" አልኳቸው። ዝርዝሩን ቀይሪ፣ ከተበላሸ ግን የሚላኑን ሰው እጠራለሁ አሉኝና ሄዱ።

ከዚያ የሰኔውን ደብዳቤዎን አወጣሁ። ያኔ ዓይኔ በጉን ብቻ ነበር የፈለገው። አሁን ምስሩ ላይ ያለውን በቃሌ ይዤዋለሁ። ስለ ምስሩ ለጠየቁኝ መልሴ ይኸውና፦ አሠራሩን ይስጡኝ።

አንድ ነገር በራሴ አስተካክያለሁ። ለእራቱ የተዘጋጀው ጠርሙስ በእንቁላል ነጭ የጠራው ነው፤ ለጾም አይሆንም። እርስዎ የቀመሱት የወንድምየው ወይን ምድር ቤት በካርቶን አለ። ይደፈርሳል ተብሎ ለእንግዳ ቀርቦ አያውቅም። እሱ ይቀርባል ብዬአለሁ።

ልጅዎ አጸደ


ደብረ ብርሃን፣ ሐምሌ 26 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለአጸደ፣

ተመስገን። ደብዳቤሽን አንብቤ ስጨርስ ፎቶ ኮፒ ቤቱን ልጅ መረቅኩት፣ ምን እንዳደረገ ግን አልገባውም። ያስቀየመኝ በጉ አልነበረም፤ የብሥራት ልጅ ጠፋችብኝ ብዬ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ከምናደድ መጀመሪያ ልጠይቅሽ ይገባኝ ነበር፤ ግን እኔ መጠየቅ ላይ ሰነፍ ነኝ።

አሁን ስሚኝ። ሽንኩርቱን በደንብ ክተፊና ያለ ዘይት፣ ያለ ውሃ፣ በቀስታ እሳት ቡናማ እስኪሆን አቁላዪው። አትቸኩይ፤ የሚያጣድፍሽ ካለ ከኩሽና አስወጪው። ከዚያ ዘይት ጨምሪ። የእነሱን የወይራ ዘይት ካላቸው እሱን አድርጊ፤ ወይኑ የአገሩን ሰው ያገኛል። በርበሬውን ከለመድሽው በግማሽ ቀንሺ። በርበሬው ማረር ሲጀምር ውሃ ጠብ እንዳታደርጊበት። እኔ የበዓል ወጥ ላይ በጠጅ ነው የማሸው፤ አንቺ ከዚያው ከወይኑ ጠብ አድርጊበት። ወጡ ወይኑን ድስት ውስጥ ከተዋወቀው ኋላ ገበታ ላይ ሲያገኘው ባዳ አይሆንበትም።

ምስሩን ለብቻው ቀቅለሽ፣ ሳይፈርስ፣ ጥርስ ላይ እየተገኘ አስገቢው። መከለሻውን በመጨረሻ፣ ጥቂት ብቻ። ጠርሙሶቹን ደግሞ ቀዝቃዛ ቦታ አሳድሪያቸው፤ ሰኔ ላይ በርበሬው ያላቃጠለን የእኔ ጓዳ ብርድ ስላገዘን ይመስለኛል። ይህን አንቺው ጽፈሽልኝ ነበር።

የሚደፈርስ ወይን ይቀርባል ማለትሽን ወድጄዋለሁ። የእኔም ጠጅ ብርሌው ሥር አተላ አለው፤ ማንም መልሶ አያውቅም።

ስሜን አታንሺ ያልኩትን ትቼዋለሁ፤ አንሺው። ነሐሴ ዘጠኝ ከቅዳሴ ስመለስ ስምሽን እየጠራሁ ነው የምውለው።

ፋናዬ


ሜልቦርን፣ ነሐሴ 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእናቴ ለእትዬ ፋናዬ፣

እንኳን ለሱባኤው እኩሌታ አደረሰዎ። ገና እንቅልፍ አልጠገብኩም፣ ግን ይህን ሳልጽፍ መተኛት አልሆነልኝም።

ትናንት አቶ አምደሚካኤልና ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን እንደለበሱ ከቅዳሴ በቀጥታ መጡ። ከተሜው ፈረንጅ በሱፍ ልብሱ፣ እነሱ በነጭ፤ አዳራሹ አምሮበት ነበር። አይቡን አስቀርቼ በየሳህኑ ጥቂት ቲማቲም ፍትፍት አስቀደምኩ። ጠርሙሶቹ ከኋላ በር በኩል በረንዳ ላይ አድረዋል፤ የሜልቦርን ነሐሴ የእርስዎን ጓዳ ተክቶልኛል።

ወይኑ ሲቀዳ ፈረንጆቹ ብርጭቋቸውን ወደ መብራት አንስተው ደፍረስ ማለቱን አዩና እርስ በእርስ ተያዩ። ሲኞር ቪቶሪዮ በሩ ጋ ቆመው እኔን ያያሉ። ያኔ አቶ አምደሚካኤል ብርጭቆውን ሳይነኩ ጠሩኝ። ሁሉም ሰው ወደ እኛ ዞረ፤ በአማርኛ ነው የጠየቁኝ፣ ግን ጥያቄ መሆኑን ማንም ያውቃል።

"ልጄ፣ ይህ ነገር የጾም ነው?"

"የጾም ነው፣ ጋሼ። ሌላው በእንቁላል ይጠራል። ይህ በራሱ ጊዜ የጠራ ነው፣ አተላውም ለዚህ ነው። እኔ ነኝ የመረጥኩት።"

መልሼ ለአዳራሹ በእንግሊዝኛ ነገርኩ። አቶ አምደሚካኤል አማተቡና ተጎነጩ። ከዚያ በኋላ ስለ ድፍርሱ የጠየቀኝ የለም።

ምስሩ ወጣ። እኔ ኩሽና በር ላይ ቆሜ ያየሁት ሰው አንድ ብቻ ነው። ሲኞር ቪቶሪዮ ቆመው፣ ከአንዱ እንግዳ ሳህን እንጀራ ቆርሰው፣ ከምስሩ ጎረሱ። ወይኑን ጨመሩበት። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡ። በዚህ እራት ላይ ሲቀመጡ ማንም አይቷቸው አያውቅም ይላሉ አስተናጋጆቹ። ቆይተው ሲጠሩኝ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። የእነሱም ተራራ ላይ ትንንሽ ጥቁር ምስር ይበቅላል፤ እናታቸው ከዚሁ ከወንድማቸው እርሻ ወይን ጋር ታበላቸው ነበር። የድሃ ምግብ ነው ብለው በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን እራቱ ላይ አቅርበውት አያውቁም። "በጉን ብታቀርቢልኝ እጠግብ ነበር፤ ይህ ግን ቤቴ ወሰደኝ" አሉኝ።

ማን አስተማረሽ ሲሉ ለአዳራሹ ሁሉ ተናገርኩ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ፋናዬ የሚባሉ የጠጅ እመቤት አሉኝ፤ ወይኑን እዚያ በብርሌ ፈትነውት ነው እዚህ የቀረበው አልኩ። ሽማግሌዎቹ ጭብጨባውን አቀለጡት። ከአቶ አምደሚካኤል ጀምሮ ምስር ያልደገመ አልነበረም።

ሰው ከወጣ በኋላ ሲኞር ቪቶሪዮ የምድር ቤቱን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛ ላይ አኖሩት። ለሚላኑ ሰው ነገ እደውላለሁ አሉኝ፤ እንዳይመጣ ማለታቸው ነው። የወይኑን ዝርዝር ዛሬ ጠዋት እኔ ራሴ አሳተምኩት። ከሞንቴፑልቻኖው ሥር የሚስማማውን ምግብ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ የበግ ጥብስ፣ የበግ አይብ፣ ድፍን ምስር ወጥ እንደ ፋናዬ። አንድ ቅጂ ለእርስዎ ከዚህ ጋር አለ።

እትዬ፣ ኮርቻለሁ። ለዚህ ነገር ሌላ ቃል አልፈልግለትም።

ልጅዎ አጸደ


ደብረ ብርሃን፣ ነሐሴ 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለአጸደ ብሥራት፣

እንኳን ለእመቤታችን ዕርገት አደረሰሽ። ዛሬ በእርግጥም ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። አንቺም እንደቆጠርሽ ከደብዳቤሽ ራስጌ ላይ አይቻለሁ።

የላክሽውን ዝርዝር ፎቶ ኮፒ ቤቱ በወፍራም ወረቀት አተመልኝ። ከንግድ ፈቃዴ አጠገብ ሰቅዬዋለሁ። የገባው ሁሉ ጠጁን ትቶ እሱን ያነባል። ሻምበል መነጽሩን አድርጎ "ፋናዬ የሚለው ፊደል ትንሽ ነው" አለ። አንተ ስምህ በየትኛው አገር ተጽፏል አልኩት፤ ጠጁን አንስቶ ጠጣ።

የወይንሽ ጠርሙስ ባዶውን ብርሌዎቹ መሃል ቆሟል። መጣል አልቻልኩም። ከዚህ በፊት እኔ ቤት ሙያ ማለት መጥመቅ ብቻ ነበር። አሁን ሳስበው እኔም ጠጁን ጥዬ ብቻ አልኖርኩም። ለማን ገናውን፣ ለማን የሰነበተውን፣ ከምን ጋር እንደምሰጠው መርጬ ነው ሰው ደጄን የለመደው። ያንቺ ሥራ ያ ነው ለካ። አባትሽ ቢኖር ምራቁን ሳይሆን እንባውን ነበር የሚውጠው።

በጉ ዛሬ ታረደ። ቤቱ ሞልቷል፣ የተረፈኝ ጊዜ ይህን ለመጻፍ ብቻ ነው። ጠጅ አቅርቤአለሁ፤ ወይን ግን አጠገቡ እንዲኖር ፈልጌ ነበር። በሚቀጥለው ጠርሙሱን በሰው እጅ አትላኪ። አንቺው ይዘሽው ነይ፣ የፍስክ ቀን መርጠሽ። አንቺ ወይንሽን፣ እኔ ጠጄን ይዘን በአንድ በግ ላይ እንቀርባለን። ሻምበል ይፈርዳል፤ የሚፈርደው ለእኔ ቢሆንም አትቀየሚ፣ ዱቤ አለበት።

ቅድም አንዲት እንግዳ ሴት ወረቀቱን አይታ "ልጅዎ ምን ትሠራለች?" ብላ ጠየቀችኝ። ሆቴል ትሠራለች አላልኩም።

"ወይን ታውቃለች" አልኳት።

እናትሽ ፋናዬ